ጌሚንግ ላፕቶፕ ሲግልና ባትሪው ሲደክም፦ ከልኬት እስከ ተርማል ፔስት በቅደም ተከተል

ጅማ ውስጥ ጌሚንግ ላፕቶፕ ያላችሁ ሰዎች ቅሬታችሁ ይመሳሰላል። ጌሙ 20 ደቂቃ ያህል አሪፍ ይሄዳል፤ ከዚያ መቆራረጥ ይጀምራል። ፋኑ ይጮኻል፣ ኪቦርዱ ጣት ያቃጥላል። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ደግሞ ባትሪው ከቻርጀር እንደተነቀለ ይሞታል።

መፍትሔ ስትፈልጉ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ትጀምራላችሁ። ኩሊንግ ፓድ (ፋን ያለው የላፕቶፕ ማስቀመጫ) ትገዛላችሁ፣ ዊንዶውስ ታስፎርማታላችሁ፣ ወይም በቀጥታ ጀርባውን ታስከፍታላችሁ። ለውጥ ሳይመጣ ሲቀር «ዕቃው ራሱ ችግር አለበት» ትላላችሁ። ዕቃው ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሙቀትና ባትሪ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አይደሉም። የላፕቶፕ ባትሪን በፍጥነት የሚያስረጀው ሙቀትና ሁልጊዜ 100 በመቶ ተሞልቶ መቀመጥ ሲገናኙ ነው። ጌሚንግ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይከሰታሉ፤ ማሽኑ እየጋለ ቻርጀሩ ቀኑን ሙሉ እንደተሰካ ይውላል። ስለዚህ ሁለቱንም አብረን እንይዛቸዋለን።

የአየር ጠባዩን ተጠያቂ አታድርጉ። ጅማ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ አይደለችም። ማታ ማታ ክፍላችሁ ቀዝቃዛ ነው፤ ይህ ለላፕቶፕ ትልቅ ዕድል ነው። አንድ የሚያከብደው ነገር ግን አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት ሰው የእናንተኑ ሞዴል ይዞ የእሱ ሙቀት ከእናንተ በጥቂት ዲግሪ ቢያንስ አትደንግጡ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከደረጃ 1 እስከ 5 ካቻቢቴ አያስፈልግም። ደብተርና እስክሪብቶ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ትንሽ ኢንተርኔት ይበቃል። ደረጃ 6 እና 7 ማሽኑን መክፈት ይጠይቃሉ። ዋስትናው ያላለቀ ከሆነ አትክፈቱ፤ መጀመሪያ ሻጩን አነጋግሩ።

አስፈላጊ ፋይሎቻችሁን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። የመመረቂያ ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ያላችሁ ተማሪዎች ይህን ሳታደርጉ ወደ ቀጣዩ አንቀጽ አትለፉ።

አሁኑኑ አንድ ፍተሻ አድርጉ። ላፕቶፑን ዘግታችሁ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከጎን እዩት። ጀርባው ሆዱን ነፍቷል? ስትከፍቱት ተችፓዱ (ጣት የምታንሸራትቱበት ሰሌዳ) ወደ ላይ ተነስቷል? ክዳኑ አልገጥም ብሏል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ወደ ደረጃ 9 ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ለኩ፣ ጻፉ

ሳትለኩ ያደረጋችሁት ለውጥ ጠቀመ አልጠቀመ አታውቁም።

1. «ኤችደብሊው ኢንፎ» የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም አውርዱ። ሲከፈት «ሴንሰርስ ኦንሊ» የሚለውን ምረጡ።
2. ቻርጀሩን ሰክታችሁ፣ ምንም ሳትከፍቱ 10 ደቂቃ ጠብቁ። የሲፒዩውን (የዋናውን ፕሮሰሰር) እና የጂፒዩውን (የግራፊክስ ቺፑን) ሙቀት ጻፉ። ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ጤነኛ ነው።
3. ከምትጫወቱት ውስጥ ከበድ ያለውን ጌም ከፍታችሁ 30 ደቂቃ ተጫወቱ። 5 ደቂቃ ብቻ ተጫውታችሁ አትፍረዱ፤ ብረቱ ሙቀቱን እስኪጠግብ ጊዜ ይወስዳል።
4. ተመልሳችሁ «ማክሲመም» በሚለው ዓምድ ስር ያለውን ጻፉ። «ተርማል ትሮትሊንግ» የሚለው መስመር ላይ «የስ» የሚል ካለ እሱንም ጻፉ።

ቁጥሩን እንዲህ አንብቡት። ጌም ላይ ሲፒዩው ከ75 እስከ 90 ዲግሪ ቢሆን ለጌሚንግ ላፕቶፕ የተለመደ ነው። 95 ከነካና እዚያው ከተቀመጠ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። የሚቆራረጥባችሁ ለዚህ ነው። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ገደባቸው 100፣ የኤኤምዲ ራይዘን ደግሞ በአብዛኛው 95 ነው። የኤንቪዲያ ላፕቶፕ ጂፒዩ ከ85 በታች ቢሆን ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ባትሪውን ለኩ። ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚገባበትን የዊንዶውስ መስኮት) ክፈቱ። «ፓወር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉና «ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ያለ ክፍተት አስከትሉ። አንድ ክፍተት ስጡ። ወደ ፊት ያዘነበለ ስላሽ አድርጉና «ባተሪሪፖርት» የሚለውን አጣብቃችሁ ጻፉ። ኢንተር ስትጫኑ የተቀመጠበትን ፎልደር ይነግራችኋል። ፋይሉን በብራውዘር ክፈቱት። «ዲዛይን ካፓሲቲ» ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፤ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ዛሬ የቀረው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከ60 በታች ከወረደ ይህ መመሪያ የወደፊቱን እንጂ ያለፈውን አይመልስላችሁም፤ ባትሪ ለመቀየር ተዘጋጁ።

ካልሠራ፦ ትእዛዙ «አይታወቅም» ካላችሁ ፊደል ተሳስቷል ወይም አላስፈላጊ ክፍተት ገብቷል። ፋይሉን ማስቀመጥ አልቻልኩም ካላችሁ ኮማንድ ፕሮምፕቱን በአድሚኒስትሬተር ክፈቱት።

ደረጃ 2፦ ቻርጀራችሁን አንብቡ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። እኔ ግን ብዙ ባትሪ የሚሞተው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኦሪጅናሉ ሲቃጠል ብዙ ሰው ጫፉ የሚገጥመውን ርካሽ ቻርጀር ይገዛል። ገጠመ ማለት ግን በቃ ማለት አይደለም። ቻርጀሩን ገልብጡና «አውትፑት» የሚለውን ፈልጉ። ቮልቱን በአምፒር አባዙ። ለምሳሌ 19.5 ቮልት በ9.23 አምፒር 180 ዋት ይሆናል። 19.5 በ11.8 ደግሞ 230 ዋት። ከዚያ ላፕቶፑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር አወዳድሩ።

ቮልቱ የግድ እኩል መሆን አለበት። አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ካነሰ ጌም ስትጫወቱ ማሽኑ የጎደለውን ከባትሪው ይወስዳል። ቻርጀር ተሰክቶ ባትሪው ይወርዳል፣ ጌሙን ስትዘጉ እንደገና ይሞላል። ሳታውቁት በየምሽቱ ባትሪውን ትፈጁታላችሁ።

መፈተሻው ቀላል ነው። 60 በመቶ ላይ ቻርጀሩን ሰኩና አንድ ሰዓት ተጫወቱ። በመቶኛው ከወረደ ቻርጀሩ አልበቃም። በታይፕ ሲ የሚሞላ 65 ወይም 100 ዋት ቻርጀርም ለጽሑፍና ለፊልም እንጂ ለጌም አይሆንም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቮልቱ የማይመሳሰል ቻርጀር «ለዛሬ ብቻ» ብላችሁ አትሰኩ። ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።

ደረጃ 3፦ ቦታውን አስተካክሉ

1. ከአልጋ፣ ከፍራሽና ከመጅሊስ ላይ አውርዱት። አብዛኞቹ ጌሚንግ ላፕቶፖች ቀዝቃዛ አየር የሚስቡት በሆዳቸው ነው። ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ አፍንጫው ተያዘ ማለት ነው። ዶርም ውስጥ ጠረጴዛ ከሌለ ሰፊ ጣውላ ወይም ትሪ ስር አድርጉ።
2. የኋላውን ክፍል ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ሁለት ወይም አራት የሃይላንድ ክዳን ከኋላ እግሮቹ ስር ይበቃል። የአየር መሳቢያውን ወንፊት እንዳትደፍኑ።
3. የሙቅ አየር መውጫው ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ።
4. ቡና ሲቆላ፣ እጣን ወይም ሰንደል ሲጨስ ላፕቶፑን አጥፉት ወይም ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱት። ይህ ጅማ ላይ ቀልድ አይደለም፤ ቡና በየቀኑ የሚፈላባት ከተማ ናት። የቁላቱ ጭስ ቅባት አለው። ፋኑ ሲስበው የራዲያተሩ (ሙቀቱን ወደ አየር የሚያስወጣው ክፍል) ቀጫጭን ብረቶች ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ የበጋ አቧራ ይመጣና እሱ ላይ ይጣበቃል። ደረቅ አቧራ በንፋስ ይወጣል። በጭስ የተለጠፈው ግን አይወጣም።

እነዚህን ካስተካከላችሁ በኋላ የደረጃ 1ን የ30 ደቂቃ ልኬት ድገሙ። ከ5 ዲግሪ በላይ ከወረደ ኩሊንግ ፓድ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ብራችሁን ለጥሩ ቻርጀር አስቀምጡት።

ደረጃ 4፦ ማሽኑ ያለ ጥቅም እንዳይለፋ አድርጉ

ፍሬሙን ገድቡ። ፍሬም ማለት ስክሪኑ ላይ በየተራ የሚታየው እያንዳንዱ ምስል ነው። ገደብ ካልተደረገ ጂፒዩው የቻለውን ያህል ፍሬም ያመርታል። ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ ሆኖ (በሰከንድ 60 ምስል ብቻ እያሳየ) ማሽኑ በሰከንድ 140 ፍሬም ቢያወጣ ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ክፈቱ፣ «ማኔጅ ስሪዲ ሴቲንግስ» ውስጥ ግቡ፣ «ማክስ ፍሬም ሬት» የሚለውን አብሩና 60 አድርጉት። 144 ኸርዝ ስክሪን ያላችሁ ደግሞ ለእግር ኳስና ለታሪክ ጌሞች 60 ወይም 75፣ ለተኩስ ጌሞች 100 ሞክሩ። ከዚህ መመሪያ ውስጥ በትንሽ ድካም ትልቁን ለውጥ የሚሰጠው ይህ ነው።

ቱርቦውን አጥፉ። ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ሲዘል የሚያወጣው ሙቀት ከሚሰጠው ጥቅም ጋር አይመጣጠንም።

1. ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ «ፓወር ኦፕሽንስ» ክፈቱ።
2. «ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ» የሚለውን ተጫኑ።
3. «ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት» ስር «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን አግኙ።
4. 100 የነበረውን 99 አድርጉ። ለባትሪውም ለቻርጀሩም። «አፕላይ» በሉ።

ብዙ ማሽኖች ላይ የሲፒዩው ሙቀት ወዲያው ከ10 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ጂፒዩው ላይ የሚደገፉ ጌሞች ላይ የፍሬም ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ካልተገኘ፦ አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን መስመር ደብቀውታል። ያን ጊዜ ከላፕቶፑ ጋር የመጣውን የአምራቹን ፕሮግራም ክፈቱና «ባላንስድ» ወይም «ሳይለንት» ምረጡ። «ቱርቦ» ወይም «ፐርፎርማንስ» ላይ ሁልጊዜ አትተዉት።

ጌሙ ከሚገባው በላይ ከዘገየ፦ አንዳንድ ሰፊ ዓለም ያላቸው ጌሞች ሲፒዩ ይፈልጋሉ። ለእነዚያ ወደ 100 መልሱትና ፍሬሙን ብቻ ገድቡ።

ለሲፒዩው ወይም ለጂፒዩው የሚሄደውን ቮልቴጅ በፕሮግራም ስለ መቀነስ የምትጠይቁ አላችሁ። ይጠቅማል፣ ነገር ግን ከ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በተገኘ የደኅንነት ክፍተት ምክንያት ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ለሲፒዩ ተዘግቷል። ለጂፒዩ «አፍተርበርነር» በሚባለው ፕሮግራም ይቻላል። ሌላውን ሁሉ ጨርሳችሁ ሙቀቱ ካልተመቻችሁ ብቻ ሂዱበት።

ደረጃ 5፦ ባትሪው 80 ላይ እንዲቆም አድርጉ

ሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሲሞላ ውስጡ ውጥረት ላይ ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ጉዳቱ ይባባሳል። ሙሉ ተሞልቶ በ40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከአቅሙ ሲሶ ገደማ ሊያጣ ይችላል። 40 በመቶ ብቻ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ የተቀመጠው የሚያጣው ጥቂት በመቶ ነው። ጌም ስትጫወቱ ባትሪው የሚገኘው በመጀመሪያው ሁኔታ ውስጥ ነው።

አብዛኞቹ አምራቾች ማቆሚያ ሠርተዋል። የእናንተን ፈልጉ፦

- ሌኖቮ፦ ሌኖቮ ቫንቴጅ ውስጥ «ኮንሰርቬሽን ሞድ»። እንደ ሞዴሉ 60 ወይም 80 አካባቢ ያቆመዋል።
- አሱስ፦ ማይአሱስ ውስጥ የባትሪ እንክብካቤ የሚለው ክፍል።
- ኤምኤስአይ፦ ኤምኤስአይ ሴንተር ውስጥ። 60፣ 80 እና 100 የሚል ምርጫ አለው።
- አሰር፦ ኬር ሴንተር ወይም ናይትሮ ሴንስ ውስጥ። 80 ላይ ያቆማል።
- ዴል፦ ሲነሳ ኤፍ2 ተጭናችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ። «ከስተም» የሚለው መነሻና መድረሻ ያስመርጣችኋል።
- ኤችፒ፦ ሲነሳ ኤፍ10። ባዮስ ውስጥ የባትሪ ጤና የሚለውን ፈልጉ። ብዙ ሞዴሎች ላይ ቁጥር አያስመርጥም፣ ራሱ ያስተካክላል።

60 ወይስ 80? መብራት የማይጠፋበት ከተማ ብትኖሩ 60 እል ነበር። እዚህ ግን መጠባበቂያ ያስፈልጋችኋል። 80 አድርጉት። ፈተና ወይም ጉዞ ሲኖር የዚያን ዕለት ብቻ ገደቡን አንሱና 100 አድርሱት። ሞልቶ እንዳያድር፤ ልትጠቀሙበት ሲቃረብ ሙሉት።

ማሽናችሁ ምንም ገደብ ከሌለው፦ ጌም ሲኖር ቻርጀሩ ይሰካ። ጌም በሌለበት ሰዓት ከ30 እስከ 80 መካከል አቆዩት። ሌሊቱን ሙሉ ሰክታችሁ አትተኙ።

ገደብ ካደረጋችሁ በኋላ በመቶኛው ቁጥር ከጊዜ ጋር ሊዛባ ይችላል። 40 በመቶ ላይ ሳለ ድንገት ከጠፋ ምልክቱ ያ ነው። በሁለት ሦስት ወር አንዴ ገደቡን አንስታችሁ 100 አድርሱ፣ በቀላል ሥራ እስከ 10 በመቶ አውርዱ፣ መልሳችሁ ሙሉ፣ ገደቡን አብሩ።

ደረጃ 6፦ አቧራውን አውጡ

እስካሁን ያለውን ሠርታችሁ ሲፒዩው አሁንም 95 የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ማሽኑ ከዓመት በላይ ሳይጸዳ ከቆየ፣ አሁን ካቻቢቴ አንሱ።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው። ላፕቶፑን ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕረሰር አታስነፉ። ግፊቱ የፋኑን ክንፍ ይሰብራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ውሃ መኖሩ ነው፤ እንደ ጅማ እርጥበት በበዛበት ቦታ ታንኩ ውሃ ያጠራቅማል። ያ ውሃ ተረጭቶ ማዘርቦርዱ ላይ ያርፋል።

የሚያስፈልጋችሁ፦ ለብሎኖቹ የሚስማማ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ያረጀ የባንክ ካርድ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል፣ የእጅ ንፋስ መስጫ ወይም ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ትንሽ ብሎወር በቀዝቃዛው። ሳኒታይዘር አልኮል አይደለም፤ ውስጡ ጄልና ውሃ አለ።

1. ሺፍት ቁልፉን ይዛችሁ «ሻት ዳውን» በሉ። እንዲህ ካልሆነ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።
2. ቻርጀሩን ንቀሉ። የማብሪያ ቁልፉን 15 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ።
3. ብሎኖቹን ፍቱ። ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሳሉና እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ አስቀምጡ። ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ብትገፉት ቦርዱን ይበሳል።
4. ክዳኑን በባንክ ካርዱ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ አላቅቁ። አልነሳ ካለ የቀረ ብሎን አለ፤ ከስቲከር ወይም ከጎማ እግር ስር ፈልጉ። በጉልበት አታንሱት።
5. ሰውነታችሁ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ቀለም ያልተቀባ ብረት ንኩ። ከዚያ የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ። ይህን ሳታደርጉ ሌላ ምንም አትንኩ።
6. በሞባይል ፎቶ አንሱ።
7. ፋኑን በጥርስ እንጨት ወይም በጣታችሁ ያዙት እንጂ እየዞረ አትንፉበት። በንፋስ በኃይል ሲዞር መሽከርከሪያውን ይጎዳል።
8. በፋኑና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ቦታ በባትሪ መብራት እዩት። ከውጭ የማይታየው ችግር እዚያ ነው። አቧራው እንደ ጥጥ ተጠቅጥቆ መውጫውን ይዘጋዋል። ከውጭ ብቻ ብትነፉ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ከቻላችሁ የፋኑን ብሎኖች ፍቱና አንስታችሁ አውጡት።
9. የተለጠፈው የጭስ ቅባት ካለ ብሩሹን በአልኮል ነክራችሁ፣ አራግፋችሁ ጥረጉት። 20 ደቂቃ እንዲደርቅ ተዉት።
10. ባትሪውን መልሳችሁ ሰኩ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ አብሩ፣ ለኩ።

ካልበራ፦ አትደንግጡ። ከከፈታችሁት በኋላ ብዙ ማሽኖች የሚነሱት ቻርጀር ሲሰካላቸው ነው። ሰክታችሁ ሞክሩ። አሁንም ካልሆነ ክፈቱና የባትሪውን ሶኬት እስከ መጨረሻ መግባቱን እዩ።

ፋኑ ካልዞረ፦ የፋኑ ገመድ ተነቅሏል። በዚህ ሁኔታ ጌም አትክፈቱ።

የሚያንገራግር ድምፅ ካለ፦ ገመድ የፋኑን ክንፍ እየነካ ነው። አጥፉና መንገዱን አስተካክሉ።

ደረጃ 7፦ ተርማል ፔስት፣ ካስፈለገ ብቻ

አቧራው ወጥቶ ሙቀቱ ካልወረደ፣ ማሽኑም ከሁለት ሦስት ዓመት በላይ ከሆነው፣ ፔስቱ (ሙቀቱን ከቺፑ ወደ መዳቡ የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ይሆናል። ይህን ቀድሞ የማያውቅ ሰው ብቻውን ባይጀምረው ይሻላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ በሆነው ኪቶ ፉርዲሳ የሚማር ጓደኛ ካላችሁ፣ እጁ የለመደ አይጠፋምና አጠገባችሁ ይሁን።

ከመክፈታችሁ በፊት ሞዴላችሁን ፈልጉ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ ብዙ የአሱስ ሮግ ላፕቶፖች ሲፒዩው ላይ በፔስት ፋንታ ፈሳሽ ብረት አለባቸው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አልሙኒየም ይበላል። አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ካረፈች አለቀ። የእናንተ ከእነዚህ ከሆነ አትንኩት።

1. ደረጃ 6ን እስከ 6ኛው ቁጥር ድገሙ።
2. የመዳብ ቱቦዎቹን የያዙት ብሎኖች አጠገብ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር አለ። ከትልቁ ወደ ትንሹ ጥቂት ጥቂት እያላላችሁ ፍቱ።
3. አሮጌውን ፔስት በአልኮልና በሶፍት ጥረጉ። ቺፑ መስታወት እስኪመስል። በብረት አትፋቁት።
4. ትራስ የመሰሉትን ለስላሳ ተርማል ፓዶች ባሉበት ተዉ። በፔስት አትተኳቸው፤ ውፍረታቸው ተለክቶ የተቀመጠ ነው። ከተቀደዱ በተመሳሳይ ውፍረት ቀይሩ።
5. አዲሱን ፔስት ቺፑን ሙሉ በሙሉ በስሱ እንዲሸፍን ቀቡ። ላፕቶፕ ላይ ቺፑ ክዳን ስለሌለው ጥግ ክፍት መተው አደገኛ ነው። ትንሽ ቢተርፍ ግን ችግር የለውም።
6. ብሎኖቹን ከ1 ጀምሮ በቁጥር ቅደም ተከተል ጥቂት ጥቂት አጥብቁ።

ሙቀቱ ከበፊቱ ከባሰ፦ አንዱ ብሎን አልጠበቀም፣ ወይም ወፍራም ፓድ ገብቶ መዳቡ ቺፑን አልነካም። ጌም አትጀምሩ። ክፈቱና ፔስቱ ላይ የቀረውን አሻራ እዩ፤ ያልተነካው ጥግ ችግሩ የት እንደሆነ ያሳያችኋል።

ደረጃ 8፦ መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ስትወጡ፣ ክረምት ሲገባ

መብራት ጌም መሃል ሲጠፋ ጨዋታውን ሴቭ አድርጉና ዝጉ። «እስኪያልቅ ልጫወት» አትበሉ። ባትሪው በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ራሱ ይግላል፤ ከዚያ መብራት ሲመጣ ትኩስ እንደሆነ ቻርጅ ይጀምራል። ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው።

ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። 5 ደቂቃ ጠብቁ። አምፖሉ ሳይርገበገብ ጸንቶ ሲበራ ሰኩ። ዲቫይደር መከላከያ እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኛው ገመድ ማብዣ ብቻ ነው። አቅም ካላችሁ ስታብላይዘር ግዙ። ለ230 ዋት ቻርጀር 500 ቪኤና ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጡ። በጀነሬተር ላይ ጌም አትጫወቱ፣ ስታብላይዘር ከሌለ በስተቀር ቻርጅም አታድርጉ።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ክዳኑን ዘግታችሁ ብቻ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት። ስሊፕ ላይ ያለ ማሽን ቦርሳ ውስጥ ራሱን ቀስቅሶ ይሠራል፣ አየር የለውም፣ ሲደርስ እሳት ሆኖ ባትሪውም አልቆ ታገኙታላችሁ። ሻት ዳውን ወይም ሃይበርኔት አድርጉ። አውቶቡስ ጣራ ላይ አይጫን፣ ጉልበታችሁ ላይ ይሁን።

ዝናብ ላይ ከነበራችሁ ላፕቶፑ ቀዝቅዟል። ሞቅ ያለ ክፍል እንደገባችሁ አታብሩት። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ላቡ ሳይቋጥር ይሙቅ።

ለረጅም ዕረፍት ትታችሁት የምትሄዱ ከሆነ ከ50 እስከ 60 በመቶ ሞልታችሁ አጥፉት። ሳጥን ወይም ቁምሳጥን ውስጥ ከእርጥብ ልብስ ርቆ ይቀመጥ። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አጠገቡ አድርጉ። ከሁለት ወር በላይ ከቆየ ሰው አብርቶ ይሙላላችሁ። ዜሮ ደርሶ ወራት የቆየ ባትሪ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ደረጃ 9፦ ባትሪው ካበጠ ወይም ካለቀ

ያበጠ ባትሪ አይጠገንም። አየሩን ላስወጣ ብላችሁ አትውጉት፤ ይቀጣጠላል።

1. ወዲያው አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ። ዳግም አትሰኩት።
2. ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ ወለል ላይ አድርጉት። ከመጋረጃ፣ ከፍራሽና ከከሰል ምድጃ አርቁ።
3. ባትሪውን ልምድ ያለው ጠጋኝ ያውጣው። ተጣብቆ ከሆነ በካቻቢቴ አይጎርጎር።
4. ጣፋጭ የመሰለ የኬሚካል ሽታ ከመጣ፣ ከጨሰ ወይም ከፈነዳ ክፍሉን ልቀቁ፣ ሰው አስወጡ፣ ጭሱን አትሳቡ፣ እሳት አደጋ ጥሩ።

አዲስ ስትገዙ የላፕቶፑን ስም ብቻ ተናግራችሁ አትግዙ። አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን የክፍል ቁጥር፣ ቮልትና ዋት አወር ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፤ ሦስቱም ይመሳሰሉ። ዋት አወሩ ከኦሪጅናሉ በእጥፍ የሚበልጥ የተጻፈበት በተመሳሳይ መጠን ያለ ባትሪ ካያችሁ ተዉት። ሻጩ ፊት አስገጥማችሁ የደረጃ 1ን የባትሪ ሪፖርት አውጡ። «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ከ«ዲዛይን ካፓሲቲ» ጋር ካልተቀራረበ ያገለገለ ነው፤ እዚያው መልሱት። አሮጌውን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣሉ፣ ለልጆች መጫወቻም አይሁን። የሶኬቱን ጫፎች በፕላስተር ሸፍናችሁ ለቀየረላችሁ ጠጋኝ ተዉት።